ግመል አይደለም፣ ክሬን ነው

እርሳስ ዕድሜ ልኬን ይዣለሁ፤ ሥዕል የጀመርኩት ግን ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ ጥርሴ አንድ በአንድ ሲሰናበተኝ ነው። ከዚያ በፊት እርሳስ ለእኔ የሥራ መሣሪያ ብቻ ነበር። እዚህ ጅቡቲ በአንድ የትራንዚት ቢሮ፣ ከመርከብ በወረደ ሳጥን ላይ «ድሬዳዋ»፣ «አዲስ አበባ»፣ «ተሰባሪ ነው» እያልኩ ስጽፍ ፀጉሬ ሸበተ። ሰው ጡረታ ሲወጣ ወይ ጸሎት ያበዛል ወይ ፖለቲካ። እኔ ፍየል መሳል ያዝኩ።

ልጆቼ ሳቁ። የልጅ ልጄ ስልኩን ዘረጋልኝና «አባባ፣ ፎቶ አንሳውና ተገላገል» አለኝ። «ፎቶ የሚያነሳ ሰው ነገሩን አያየውም፤ ነገሩ ነው እሱን የሚያየው» ብዬ መለስኩለት። ምን ማለቴ እንደሆነ እኔም አላውቅም። የሽማግሌ አባባል ስለመሰለው ግን ስልኩን ወደ ኪሱ መለሰ።

ሕንጻ ቀላል ነው፣ አይንቀሳቀስም የሚል ሰው ካለ ሄሮን ሰፈር ይሂድና ይሞክር። እዚያ ባሕሩን ይዘው የተደረደሩት የፈረንሳይ ዘመን ቤቶች በረንዳቸው ቅስት በቅስት ነው። አንድ ቅስት መሳል ያስደስታል። ስድስት ሲሆኑ ግን ስድስቱም የአንድ ቤት ልጆች መምሰል አለባቸው፤ የእኔዎቹ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው አባት ያላቸው ይመስላሉ። የድሮው ባቡር ጣቢያ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ አብዝቼ አውቀዋለሁ። በጉብዝናዬ ከድሬዳዋ መጥቼ የወረድኩበት ስለሆነ እጄ ፊት ለፊቱ ያለውን ትቶ ያኔ ያየውን ይስላል። ዛሬ የሌለ ተሸካሚ አቆማለሁ፤ ዛሬ የሌለች ሎሚ ሻጭ አስቀምጣለሁ። ቀና ስል በሩ ዝግ ነው፣ ከጥላው ሥር አንድ ድመት ተኝቷል። ድመቱን ለመሳል ስዘጋጅ ደግሞ ይነሳል።

ፍየል ከድመት ይብሳል። የዚህ ከተማ ፍየል ሣር የሚባል ነገር በወሬ እንጂ በዓይኑ አያውቅም፤ የሚበላው ካርቶን ነው። አንዷን ሰፈራችን ካርቲየ ሁለት ውስጥ ግማሽ ቀን ተከትዬ፣ ቀንዷንና ጢሟን እንደምንም አሳምሬ፣ ላብ ልጠርግ ደብተሩን መሬት ሳስቀምጥ ወረቀቱን ቦጭቃ በላችው። ከሥራዎቼ ሁሉ እንደዚያ በጉጉት የተወሰደ የለም።

ባሕሩንስ ተዉት። ጠዋት ቢያንስ መስመር አለው። ቀትር ላይ ሰማዩና ውሃው አንድ ነጭ ይሆናሉ፤ መያዣ መጨበጫ የላቸውም። አንድ ቀን በጣም ሲሰለቸኝ ባዶ ወረቀት ይዤ ቤት ገባሁና ለባለቤቴ አሳየኋት።

«ምንድነው?»

«ባሕር ነው። በስድስት ሰዓት።»

መነጽሯን አድርጋ በጥሞና አየችው። «እስከ ዛሬ ከሠራኸው ሁሉ የሚሻለው ይሄ ነው» አለች።

ከሁሉ የከበደኝን ልናገር። ወደ የመን ለመሻገር ቀን የሚጠብቁ የአገራችን ልጆች ባሕር ዳር ጥላ ፈልገው ይቀመጣሉ። ከመካከላቸው አንዱን፣ ጉልበቱን አቅፎ ውሃውን ሲያይ፣ ሳላስፈቅደው መሳል ጀመርኩ። አየኝና መጣ። አልተቆጣም። «አባባ፣ ይቅርታ፣ ያጥፉልኝ» አለኝ። «እናቴ አዲስ አበባ ሥራ አግኝቷል ብላ ነው የምታውቀው።» ሥዕሉ እናቱ ዘንድ እንዴት ሊደርስ ይችላል ብዬ አልጠየቅኩትም። ላጲሴን አውጥቼ አጠፋሁለት፤ ወረቀቱ እስኪሳሳ አሸሁት። አጠገቤ ቆሞ እስክጨርስ ጠበቀኝና «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ሄደ። ከዚያ ወዲህ የእነሱን ጫማ ብቻ ነው የምስለው፤ ያንንም አስፈቅጄ።

የቀረችው ባለቤቴ ናት። እሷ ዕድሜዋን በፈረንጆች ቤት ምግብ አብሳይ ሆና የሠራች፣ በሦስት ቋንቋ የምትቆጣ ሴት ናት። ፍየሌን «ጀልባ»፣ ጀልባዬን «ጫማ» ብላ የጠራች እሷ ናት። «እስቲ አንቺን ልሳልሽ» ባልኳት ቁጥር «እኔን ጫማ የምታደርገኝ በሬሳዬ ላይ ነው» ትላለች። ስለዚህ አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ሶፋ ላይ እንቅልፍ ሲጥላት፣ በጓዳ በር በኩል ሆኜ ሰረቅኳት። ወጣልኝ! አገጯ፣ ጉንጯ ላይ ያለችው ጠባሳ፣ ሁሉ ነገር እሷ ነው። አንድ ችግር ብቻ አለው፤ አፏ በሰፊው ክፍት ነው። ከደብተሩ መጨረሻ ሸሸግኩት። ከተያዝኩ በሦስቱም ቋንቋ እንደምሰማ አውቅ ነበር።

እዚህ ከተማ ሰው ለመሳል ሰዓት ማወቅ ያስፈልጋል። ጫት በየቀኑ ከኢትዮጵያ ይገባል፤ ወደ ሰባት ሰዓት ገደማ። ከመግባቱ በፊት ከተማው በሞላ ልብሱ ውስጥ ጉንዳን እንደገባበት ሰው ነው። ሁሉም መንገድ መንገዱን ያያል፣ የመኪና ጥሩምባ ያዳምጣል፣ ያለ ነገር ይጣላል። ከገባ በኋላ ግን ወንዱ ጥላ ጥላውን ይይዛል፣ ጉንጩ ይሞላል፣ ዓይኑ ሩቅ ይሄዳል። ግራ ጉንጩን ወጥሮ ሁለት ሰዓት ሙሉ የማይንቀሳቀስ ሰው ለእንደኔ ዓይነቱ ሠዓሊ ከሰማይ የወረደ ነው። የሰው ፊት የተማርኩት በዚህ ትምህርት ቤት ነው፤ የሳልኳቸው ሰዎች ሁሉ የግራ ጉንጫቸው ያበጠ የሆነውም ለዚህ ነው።

ወደ ክሬኑ ልምጣ። ከወደቡ ወዲህ፣ የማን እንደሆነ በማልናገረው አንድ የዕቃ ግቢ ውስጥ፣ ሦስት ክሬኖች ቆመዋል። ሁለቱ አዲስ ናቸው፣ ቀጥ ያሉ። ሦስተኛው አሮጌ ነው፤ አይሠራም፣ አያፈርሱትምም። አንገቱ ወደ ግራ ትንሽ ዘመም ብሏል። ለምን እሱን መረጥክ ስትሉኝ፣ እኔን ስለሚመስል ነው ብላችሁ እንዳትደመድሙ። እኔ አሁንም እሠራለሁ፤ ዘንቢል ተሸክሜ ከገበያ እመለሳለሁ።

አጥሩ ላይ «ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ በፈረንሳይኛና በዓረብኛ ተሰቅሏል። ስለ እርሳስ የሚለው ነገር የለም። ከፊት አነበብኩት፣ ዞሬ ከኋላም አየሁት። የለም። ሆኖም ጥበቃዎች ከሰሌዳ ጋር እንደማይስማሙ ስለማውቅ ሰዓቴን መረጥኩ፤ ጫታቸውን ይዘው በተቀመጡበት ሰዓት እሄድና፣ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ተራ በሚጠብቅ አንድ የኢትዮጵያ የጭነት መኪና ጥላ ሥር ሆኜ እስለዋለሁ።

እንዲህ ያለ ብልህ ዕቅድ አውጥቼ አላውቅም። እርጥብ ፎጣ ራሴ ላይ ጣልኩ፤ ላቤ ወረቀቱን እንዳያበላሸው መሐረብ እጄ ሥር አነጠፍኩ፤ ጀመርኩ። እጄ ያን ቀን ምን እንደነካው አላውቅም። የክሬኑ እግሮች በየቦታቸው ቆሙ። ሽቦው ተወጠረ። ያንን አንገት፣ ስንት ሌላ ነገር ያጣመመ እጄ፣ መጣመም ያለበትን እንደሚገባው አጣመመው። አንዴም ላጲስ አላነሳሁም።

ስህተቴ አንድ ነው። ጫቱ ገብቶ እንደሆነ አልጠየቅኩም። እዚህ አገር ልጅ እንኳ መሥሪያ ቤት ጉዳይ ሲኖረው ከቤት ሳይወጣ ይህን ያጣራል። ያን ቀን ጫቱ ዘግይቷል። ጥበቃዎቹ ከመቀመጥ ይልቅ በአጥሩ ዙሪያ ወዲያ ወዲህ እያሉ፣ ለዓይናቸው የሚሆን ጥፋት እየፈለጉ ነው። ያም ሳያንስ የጭነት መኪናው ተራው ደርሶ ተነሳ፤ ጥላዬን ይዟት ወደ ግቢው ገባ። ፎጣ የተከናነበ ሽማግሌ በጠራራ ፀሐይ ደብተር ላይ ጎንበስ ብሎ ብቻውን ቀረ።

ከበሩ አጠገብ ወዳለች አንዲት የጥበቃ ክፍል ወሰዱኝ። አለቃቸው ወፍራም፣ ላብ ያጠመቀው፣ ዓይኑ ከመስኮቱ የማይነቀል ሰው ነው።

«አዴር» አለኝ። አዴር ሶማሊዎች በዕድሜ የገፋ ሰው የሚጠሩበት ነው፤ እንደ እኛ አጎቴ። አማርኛውን ከጭነት መኪና ሾፌሮች ስለተማረ አንቱታ አልደረሰውም። «አዴር፣ አንተ እዚያ ምን ትሠራለህ?»

«እስላለሁ።»

«ምን?»

«ክሬኑን።»

አፌን መያዝ የነበረብኝ እዚህ ጋ ነው። አለቃው ደብተሩን ተቀብሎ አየው። አቅንቶ አየው፣ አጋድሞ አየው። ከዚያ ላቡ መሀል ፈገግ አለ።

«ይሄ ግመል ነው።»

«ክሬን ነው።»

አንዱን ጥበቃ ጠራው። እሱም አየና «ግመል» አለ። «አንገቱ፣ ይኸውና። እግሩ፣ አራት።»

«ክሬኑም አራት እግር ነው ያለው!» አልኩ።

አለቃው እጁን አነሳ። «ስማ፣ አዴር። እኔ ችግር አልፈልግም፤ ትልቅ ሰው ነህ። ግመል ከሆነ ደብተርህን ትይዛለህ፣ ትሄዳለህ። ክሬን ከሆነ ወረቀት እጽፋለሁ፤ ደብተሩ በሙሉ ወደ ላይ ይሄዳል። ወደ ላይ የሄደ ደግሞ…» እጁን ወደ ጣሪያው ቀስሮ መልሶ አላወረደውም። «ግመል በል።»

ሦስት ዓመት የለፋሁበት ደብተር ነው። ቅስቶቹ፣ ጣቢያው፣ ጫማዎቹ፣ ጉንጨ ሙሉዎቹ፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ ባለቤቴ። አንድ ቃል ብቻ ነው የሚጠይቀኝ። ጤነኛ ሰው ግመል ይላል፣ ደብተሩን ብብቱ ሥር ይወትፋል፣ ምሳው ሳይቀዘቅዝ ቤቱ ይደርሳል። ፍየሌን ጀልባ ሲሉብኝ ስቄ አልፌአለሁ፤ ልክ ነበሩ። ያን ቀን ግን ልክ የነበርኩት እኔ ነኝ። ሰው ሲያበላሽ እንደሚታወቀው ሲሳካለትም ይታወቀዋል። በስንት ዘመን አንዴ የወጣልኝን በገዛ አፌ ግመል ላደርገው?

«ክሬን ነው» አልኩ።

አለቃው ተነፈሰ። «መታወቂያህን አምጣ።»

መታወቂያዬ ሌላኛው ሱሪዬ ኪስ ውስጥ ነው። ወደ ባለቤቴ ተደወለ። ስልኩ ከእኔ ጆሮ ርቆ አለቃው ጆሮ ላይ እንኳ የምትለው ይሰማኝ ነበር። እስክትመጣ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። አለቃው በየመሀሉ ቀና እያለ «ግመል?» ይለኛል፤ እኔም «ክሬን» እለዋለሁ። አንዴ ውሃ ሰጠኝና ስጠጣ ጠብቆ በለስላሳ ድምፅ «ግመል?» አለኝ። ውሃውን ጨርሼ፣ አመስግኜ፣ «ክሬን» አልኩ። በዚህ መሀል ከሩቅ ጥሩምባ ተሰማ። ክፍሉ ባንዴ ባዶ ሆነ። አለቃው ሲመለስ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ የጫት እስሩን ታቅፏል፤ ፊቱ በአሥር ዓመት ወጣት ሆኗል። ፀቡ ጠፍቶለታል፤ የቀረው ጉዳዩን ቶሎ መጨረስ ብቻ ነው።

ባለቤቴ ነጠላዋን በራሷ ላይ ጥላ፣ ቦርሳዋን ታቅፋ ገባች። መታወቂያዬን ጠረጴዛው ላይ ጣለች። ወደ እኔ ዞራ ገና «አንተ ሰውዬ» ስትል አለቃው ብድግ ብሎ ወንበሩን ለቀቀላት።

«ኤዶ፣ ተቀመጪ» አላት፤ ኤዶ እንደ እኛ አክስቴ ነው። ደብተሩን ገልጦ ፊቷ አደረገና ነገሩን አስረዳት። ክሬን መሳል ክልክል እንደሆነ፣ ግመል መሳል ግን እንደሚቻል፣ ይህ ግትር ሽማግሌ እምቢ እንዳለ። ጥቅሻም ጨመረበት። «አንቺ ግመል በይ። ሁለቱንም ይዘሽ ትሄጃለሽ፤ ደብተሩንም፣ እሱንም።»

መሬት መሬቱን አየሁ። ጥበቃዎቹን አልፈራሁም፤ እሷን ግን ፈራሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ስታፌዝብኝ የኖረች ሴት ናት። ግመል ብትል ነጻ እወጣለሁ፤ ደብተሬም ይተርፋል። ግን ግመል እንዳትል በልቤ ለመንኳት።

መነጽሯን አወጣች፣ በነጠላዋ ጫፍ ወለወለችው፣ አደረገችው። ብዙ ቆየች። ከሰዎቹ አንዱ ጫቱን መቀንጠስ ጀመረ።

«ይሄንን አውቀዋለሁ» አለች።

«ግመል» አለ አለቃው በተስፋ።

«የምን ግመል! ጣሪያ ላይ ልብስ ሳሰጣ በየቀኑ የማየው ክሬን ነው እንጂ። ያ አንገተ ጠማማው።»

«ኤዶ፣ ክሬን አንገቱ ቀጥ ያለ ነው…»

«ና ውጣ።» እጅጌውን ይዛ ወደ በሩ ጎተተችው። «እሱን እየው፤ ቀጥ ነው። እሱንም እየው፤ ቀጥ ነው። ያኛውስ? አንገቱ ወዴት ነው? እዚህ ቆመህ እየዋልክ አላየኸውም?»

አለቃው ክሬኑን አየ፣ ወረቀቱን አየ፣ እንደገና ክሬኑን አየ። «ወላሂ» አለ ቀስ ብሎ። ሁለቱ ጥበቃዎችም ወጥተው አንገታቸውን ወደ ግራ ዘመም አድርገው ቆሙ። እኔ ከኋላቸው ነኝ። ያንን ደቂቃ በደመወዝ አልለውጠውም፤ ደብተሬ እንዳበቃለት እያወቅኩ ነው ይህን የምለው።

አለቃው እያዘነ ፎርሙን ከመሳቢያ አወጣ። «እንግዲህ ኤዶ፣ አንቺ ራስሽ ተናገርሽ። ደብተሩ ወደ ላይ ይሄዳል።»

«ለምን ብሎ? ያጠፋው አንዱ ቅጠል ነው።» ሳንነቃ ደብተሩን ይዛ፣ የክሬኑን ገጽ ከሥሩ በጥፍሯ አጥፋ፣ እንደ ሊጥ ጠርዝ ቀስ ብላ ቀደደችው። አንድ ጭራ አልቀረም። ፊቱ አስቀመጠችለት። «ይኸው ወንጀለኛው። የቀሩትን እይ፤ ይሄ ፍየል ነው መሰለኝ። ይሄ ጫማ ነው። ይሄ የአንተ ቢጤ ነው፣ ጉንጩን ወጥሮ። ይሄ ደግሞ…»

ገጽ የምትገልጥበት እጇ ቆመ። የትኛው ገጽ ላይ እንደደረሰች ሳላይ አወቅኩ።

አለቃው በትከሻዋ በኩል አሾልኮ አየ። «ኤዶ! አንቺ ነሽ!»

«አፌ ክፍት ነው» አለች።

«ተኝተሽ ነበር» አልኩ፣ እንደሚረዳኝ ሁሉ።

«ይሄንንም ውሰደው» አለችው አለቃውን።

«ይሄ የተከለከለ አይደለም፣ ኤዶ።»

«ሊከለከል ይገባ ነበር!»

ግን አልቀደደችውም። ትንሽ ራቅ አድርጋ፣ ትንሽ ቀረብ አድርጋ አየችው። ጉንጯ ላይ ያለችውን ጠባሳ በጣቷ ነካች፤ የራሷን ሳይሆን የወረቀቱን። ከዚያ ደብተሩን ዘግታ የእኔ ብብት ሥር ሳይሆን የእሷ ቦርሳ ውስጥ ከተተችው። ጉዳዩ ቤት እንደሚቀጥል ገባኝ።

አለቃው በፈረንሳይኛ ይሞላል። ስም ጻፈ፣ ሰፈር ጻፈ። የተያዘ ዕቃ በሚለው ቦታ ላይ ብዕሩን አቆመና የመጨረሻ ዕድል ሊሰጠኝ ቀና አለ፤ ዓይኔን አይቶ ተስፋ ቆረጠና «አንድ ሥዕል፤ ክሬን» ብሎ ጻፈ። እንዲያነብልኝ ጠየቅኩት። አነበበልኝ። እንዲደግምልኝ ጠየቅኩት።

«ሙያ» አለ ከዚያ፣ ራሱ ለራሱም መለሰ፤ «ጡረተኛ።»

«አይደለም» አልኩ።

«ታዲያ ምን?»

ይህን ቃል በራሴ ላይ አውዬው አላውቅም፤ በቀልድም እንኳ። ባለቤቴን አላየኋትም። «ሠዓሊ» አልኩ።

አለቃው እስኪያስለው ሳቀ፤ ጉንጩ ውስጥ የነበረው ቅጠል ፎርሙ ላይ ረገፈ። ጥበቃዎቹም ሳቁ። ከዚያ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋው። «እኔ አልጽፈውም። ደፋር ከሆንክ ራስህ ጻፈው።»

እርሳሴን አነሳሁ።

«በእርሳስ አይሆንም፣ አዴር። ይሄ የመንግሥት ወረቀት ነው።»

የእሱ ብዕር ከእጁ አልወጣም፤ ጥበቃዎቹም ኪሳቸውን እየዳበሱ የለንም አሉ። በሳቅ መሀል እንደዚያ ቆምን። ባለቤቴ ቦርሳዋን ከፈተች፤ ደብተሩን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ ስትፈልግ ቆየችና አንድ እስክሪብቶ አወጣች።

«እንካ» አለችኝ። «አድምቀህ ጻፈው።»